የሐሙስ ዝናብ

ሥራዬ የሰው ስሕተት መልቀም ነው። የስንዴ ዘር የሚሞክሩ፣ ማዳበሪያ የሚሞክሩ፣ «ይህን ብንጨምርበት ምርቱ በእጥፍ አደገ» የሚሉ ሰዎች ጽሑፋቸውን ይልኩልኛል፤ እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ማዳበሪያ ያልነካው የጎረቤት ማሳ ስንት አፈራ? አልለኩም። ያን ዓመት ዝናቡ እንዴት ነበር? አልጠየቁም። አንድ ማሳ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ደስ ያለው ሰው፤ ከዚያ መደምደሚያ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ስናደድ ኖርኩ። ባልደረቦቼ ንዴቱ ከሙያው የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የጀመረኝ አሥር ዓመቴ ላይ ነው፤ ከአደሌድ ከተማ ወዲያ ማሊ በምትባል የስንዴ አገር ውስጥ፣ ዝናብ ድርሽ ሳይል ባለፈ ክረምት፣ ራሴ በሠራሁት ሙከራ።

እርሻችን ያርኩን ከምትባል የባቡር ማቆሚያ አምስት ኪሎሜትር ይርቃል፤ ስንዴና በግ ነበረን። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዛፍም ከጣሪያም ራቅ ብሎ፣ አጥሩ ጥግ የዝናብ መለኪያው ቆሟል። በዚያ አገር ሁሉም ገበሬ መለኪያ አለው፤ የአያቴ የሌስሊ ግን ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሚነበብ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት አንብበው መዝገብ ላይ ጽፈዋል። በሠርጋቸው ማግስት ሳይቀር አንብበዋል ይባላል። ያልዘነበ ቀን ዜሮ ይጻፋል፤ ዜሮም ቁጥር ነው ይሉ ነበር። ወር ሲሞላ ካርዱ በፖስታ ይሄዳል። አንዲት የሐሰት ቁጥር አልጻፍኩም የሚለው ኩራታቸው ከእርሻው ይበልጥባቸው ነበር።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። አልጋቸው ፊት ለፊት ወዳለው ክፍል ወጣ። አንደበታቸውም ተሳሰረ፤ ንግግራቸውን አጥርተን የምንሰማው እኔና በየሳምንቱ ረቡዕ የምትመጣላቸው ነርስ፣ ሲስተር ቤሪል ብቻ ነበርን። አባቴና እናቴ ግማሹን ይገምቱታል። መለኪያውን ማንበብ የኔ ሥራ ሆነ። መምህሬ ሚስተር ፔትሪ ለንባቡ ሲባል ዘግይቼ እንድገባ ስለፈቀዱልኝ ከተማሪው ሁሉ ተለይቼ በሦስት ሰዓት ተኩል ደረቴን ነፍቼ ነበር የምገባው። ምን ያደርጋል፣ የማነበው ዜሮ ነው። በየጠዋቱ ሮጬ ሄጄ፣ ባዶውን መስታወት አይቼ፣ አያቴ ፊት ቆሜ «ዜሮ፣ አባባ» እላለሁ። ጥፋቱ የኔ ይመስለኝ ስለነበር አንገቴን ደፍቼ ነው የምናገረው።

ያን ክረምት አባቴና እናቴ አይነጋገሩም ነበር። አባቴ ኖርማን ጎህ ሳይቀድ ለበጎቹ መኖ ሊጭን ይወጣል፤ የሚገዛቸው ጠፍቶ የደከሙትን በጎች በጠመንጃ የገደለ ቀን ደግሞ ሲመጣ እጁን ታጥቦ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እናቴ ጆይስ አቧራ ትጠርጋለች፤ በማግሥቱ ያው አቧራ ተመልሶ ይጠብቃታል። አንድ ምሽት ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሆኜ እናቴን ሰማኋት።

«እስከ መስከረም መጨረሻ እጠብቃለሁ። ካልዘነበ ናሬልን ይዤ አደሌድ፣ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«ዝናቡን እኔ አልያዝኩት፣ ጆይስ።»

«ዝናቡን አልያዝክም። አፍህን ግን ይዘኸዋል።»

እኔ፣ ናሬል፣ የያዝኩት የመጀመሪያ ንግግሯን ነው። ዋናው የመጨረሻው እንደነበር የገባኝ አግብቼ፣ እኔም በተራዬ ዝም የሚል ሰው ካገኘሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ነገሩ ቁልጭ ያለ ሒሳብ ነበር፤ ከዘነበ ቤታችን ይቆማል፣ ካልዘነበ ይፈርሳል። ስለዚህ ዝናብ የሚያመጣውን ነገር ማግኘት ነበረብኝ።

ሚስተር ፔትሪ ሳይንስ ሲያስተምሩን፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ፣ ያያችሁትን ጻፉ ብለውን ነበር። ደብተር ገዛሁ። ዝናብ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አገሬው ሁሉ ያውቃል፤ ጎረቤታችን ኪት በመጣ ቁጥር ይዘረዝረዋል። ልብስ ሲሰጣ ይዘንባል፤ የመኪና መስኮት ክፍት ሲተው ይዘንባል፤ ድርቆሽ ሲታጨድ ግን እርግጥ ነው፣ ይወርዳል። ይህን ተናግረው ይስቃሉ። ቀልድ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

የሚታጨድ ድርቆሽ ስላልነበረ በልብስ ጀመርኩ። እናቴ ከተማ በሄደችበት ቀን ታጥፈው የተቀመጡትን ንጹሕ አንሶላዎች በሙሉ ነክሬ አሰጣኋቸው። ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የመጣው ዝናብ ሳይሆን አቧራ ነበር። አንሶላዎቹ የጡብ ቀለም ያዙ። እናቴ ተመልሳ አየቻቸው፤ ከዚያ የውኃ ታንከሩን በጣቷ እያንኳኳች ውኃው እስከ የት እንደወረደ አዳመጠች። አልመታችኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሽርጥዋ ሸፈነች። እኔ ደብተሬ ላይ «ልብስ፦ አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ የአባቴን ፒካፕ መስኮቶች ለሁለት ቀን ከፍቼ ተውኩ። የመኪናው ወንበር ስንዴ ሊዘራበት የሚችል ማሳ ሆነ። አባቴ ምንም ሳይለኝ በባልዲ እየዛቀ ሲያወጣ ቆሜ አየሁት። መጽደቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ እንደሚባለው ነው፤ ቤቱን ላድን ተነሥቼ አባቴንም እናቴንም ያሳዘንኩ እኔ ነበርኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መለኪያው ውስጥ ሦስት ሚሊሜትር ውኃ አገኘሁ።

መስታወቱን ከዐይኔ ትክክል አድርጌ ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ በሁለት እጄ እንደያዝኩት ወደ አያቴ ሮጥኩ። በጤነኛው ጎናቸው ፈገግ አሉ።

«ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ምንም አልሰማሁም፣ አባባ። መሬቱም ደረቅ ነው።»

«ካፊያ ነው፣ ናሪ» አሉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ። «ካፊያ ድምፅ የለውም። መሬቱ... ጠጥቶታል። ጻፊው።»

መዝገቡን አልጋቸው ላይ ዘርግቼ 3 ጻፍኩ። አያቴ ቁጥሯን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

እራት ላይ ዜናውን ስናገር አባቴ ሹካውን እንደያዘ ቀረ። ቀና ብሎ እናቴን አያት። እሷ ደግሞ አየችውና ወዲያው ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። ያላመኑኝ መሰለኝና ተናደድኩ፤ መስታወቱን አስተካክዬ እንዳነበብኩ፣ ካላመኑ አያቴን እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። ማንም አልተከራከረኝም። አባቴ ከእራት በኋላ ወደ ጋራዡ መሄዱን ትቶ ፎጣ አንሥቶ ሳህን ማድረቅ ጀመረ። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። የምለካው ውኃ ነበር እንጂ ሳህን አልነበረም።

በሳምንቱ ሐሙስ አራት ሚሊሜትር። በሚቀጥለው ሐሙስ ሦስት። ከሐሙስ በቀር ዜሮ። ኪት ከአጥሩ ማዶ ሆኖ የኛን ዝናብ ሲሰማ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እኛ ቤት ጠብታ የለም፤ ለመሆኑ ደመናው አድራሻችሁን ከየት አገኘው? አለኝ። በዚያ አገር ዝናብ አንዱን ማሳ አርሶ ሌላውን መዝለሉ አዲስ ነገር ስላልሆነ፣ ሳቀና ሄደ። እኔ ግን ጥያቄውን በቁም ነገር ያዝኩት። ረቡዕ ረቡዕ እኛ ቤት ብቻ የሚሆን፣ ኪት ቤት የማይሆን ነገር ምንድን ነው?

ሲስተር ቤሪል።

ሌላ ምንም አልነበረም። ረቡዕ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ትመጣለች፤ አያቴን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ የደም ግፊታቸውን ትለካለች፣ ትሄዳለች። በማግሥቱ መለኪያው ውስጥ ውኃ አለ። አምስት ረቡዕ፣ አምስት ሐሙስ፣ አንድም ያልተሳካ የለም፤ ከዚያ በፊት የመጣችባቸውን ረቡዖች አልቆጠርኳቸውም። ሲስተር ቤሪል ዝናብ ታመጣለች። እንዴት እንደምታመጣው አላውቅም ነበር፤ ሚስተር ፔትሪ ግን መጀመሪያ ይሆን እንደሆነ እዩ፣ እንዴት እንደሆነ በኋላ ይደረስበታል ብለውናል። እሳቸውን፣ ስንት ሚሊሜትር ሲሞላ ነው «ዘነበ» የሚባለው ብዬ ጠይቄ፣ ለስንዴ ከሆነ ሃያ አምስት እንደሆነ ነግረውኛል። የኔ ድምር አሥራ ሰባት ነበር። መስከረም ሊያልቅ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ያለው ረቡዕ አንድ ብቻ ነው።

በነዚያ ሳምንታት ቤታችን ውስጥ ሌላም ነገር ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ሒሳብ ላይ ነበርኩ። አባቴ ከከተማ ለእናቴ የእጅ ቅባት ይዞላት መጣ። እናቴ የተቀደደ ኮቱን ሳይጠይቃት ጠገነችለት። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲስቁ ሰምቼ፣ ድምር እየሠራሁ ነው፣ ዝም በሉ ብዬ ጮኽኩባቸው። እንዲህ ያለ ተመራማሪ ዛሬ ቢልክልኝ ጽሑፉን ሳልጨርስ እመልስለታለሁ።

ሰኞ ዕለት እናቴ ከዶሮዎቹ ጋር ሳለች ስልክ አንሥቼ ለክሊኒኩ ደወልኩ። አያቴ ብሶባቸዋል፣ ሲስተር ቤሪል ይምጡ አልኩ። ስድሳ ኪሎሜትር ጥርጊያ መንገድ በአንድ ሰዓት ነድታ ደረሰች። አያቴ ተደግፈው ገንፎአቸውን ይበላሉ። እናቴ ግራ ተጋብታ አየቻት። ሲስተር ቤሪል እናቴን ምንም አላለቻትም፤ እኔን እጄን ይዛ ወደ መኪናዋ ወሰደችኝ።

«አንቺ ነሽ የደወልሽው?»

«አዎ።»

«ለምን፣ የኔ ልጅ?»

አለቀስኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ደብተሩን አሳየኋት። ረቡዕ ረቡዕ እርስዎ ሲመጡ እንደሚዘንብ፣ ሃያ አምስት ካልሞላ እናቴ ይዛኝ እንደምትሄድ፣ ስምንት ሚሊሜትር ብቻ እንደቀረኝ፣ ስለዚህ ቢቻል በየቀኑ እንዲመጡ። ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። የተቆጣች መሰለኝ። ደብተሩን መለሰችልኝና አያቴ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቆየች። ስትወጣ ጭንቅላቴን ዳብሳ ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት መለኪያው ባዶ ነበር። ረቡዕ የተለመደ ቀኗ ነውና መጣች፤ ሐሙስም ባዶ።

ያን ሐሙስ የተሰማኝን ንዴት ዛሬም አልረሳውም። መለኪያውን የያዘውን ምሰሶ በእግሬ ረገጥኩት፤ የተጎዳው አውራ ጣቴ ነው። ሕጉ ተጠብቋል፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የተቀየረው፣ ውጤቱ ግን ዜሮ። ደብተሬ ላይ «ሲስተር ቤሪል፦ አይሠራም። ሙከራው አልተሳካም» ብዬ ጽፌ ደብተሩን አልጋዬ ሥር ወረወርኩት። በቃ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ሙከራውን ለምትሞከረው ሰው ራሷ መንገር ሙከራውን እንደሚያበላሽ ለማወቅ ሌላ አሥር ዓመት መማር ነበረብኝ።

የመስከረም የመጨረሻ ቀን ሻንጣዬን ራሴ አዘጋጅቼ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ በአጠገቤ ሁለት ጊዜ አለፈች። በሦስተኛው ቆም አለችና፣ የት ልትሄጂ ነው? አለችኝ። አደሌድ አልኳት።  ከዚያ ሻንጣዬን አንሥታ ወደ ክፍሌ መለሰችው፤ እጅሽን ታጠቢ፣ ምሳ ደርሷል አለችኝ። አልዘነበም፣ አልሄድንም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተበሳጨሁ፤ የሆነውን የሚያስረዳ አንዲት መስመር ደብተሬ ላይ አልነበረችም።

አያቴ በኅዳር ሞቱ። ዝናቡ የመጣው በመጋቢት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ፣ በቤቱ የተኛ ሰው አልነበረም።

እናቴ ነገሩን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ከባሌ ጋር ስጣላ ልታጽናናኝ ብላ ነው። ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ስታስብ፣ መለኪያው ውስጥ ውኃ በተገኘበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ መለኪያው አጠገብ አጥሩ ላይ የአባቴን የሻይ ኩባያ አገኘችው፤ ውስጡ እርጥብ ነው። ወዲያው ገባት። ኖርማን ነው፤ የታመሙት አባቱ ደስ እንዲላቸው እያደባ ውኃ ይጨምራል። «አባትሽ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም» አለችኝ። «ለአባቱ ሲል እንዲህ የሚሆን ሰው ውስጡ ድንጋይ አይደለም ብዬ ቀረሁ።» አመንኳት። አባቴ ኩባያውን ባገኘበት ቦታ ሁሉ ትቶ የሚሄድ ሰው መሆኑን እያወቅኩ፣ ያንን ኩባያ ማንም ሊያነሣው እንደሚችል አላሰብኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የኛ ሳይፈታ አርባ ዓመት ቆየ።

ባለፈው ዓመት እናቴን ቀበርን። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይና ሳንድዊች ሲዞር፣ ሰማንያ ሊደፍኑ የተቃረቡ አንዲት ሴት በከዘራ ተደግፈው መጡና ክንዴን ያዙኝ። ሲስተር ቤሪል ነበሩ።

«ያን ደብተርሽን ይዘሽዋል?» አሉኝ። «ሳልነግርሽ ብሞት ይቆጨኛል። ትክክል ነበርሽ እኮ። ዝናቡን የማመጣው እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ ነገሩኝ። አያቴ ናቸው የለመኗቸው። ልጅቷ በየጠዋቱ ዜሮ ይዛ ስትመጣ ጥፋተኛ መስላ ነው የምትቆመው፤ አንጀቴን በላችው፤ ስትሄጂ ትንሽ ውኃ ጨምሪበት አሏቸው። ሲስተር ቤሪል በረንዳው ላይ ያገኙትን ኩባያ አንሥተው፣ ለመታጠቢያቸው ከቀዱት ውኃ ጨለፍ አድርገው ይጨምሩ ነበር። አያቴ መዝገቡ እንደሚበላሽ ያውቃሉ። አርባ አንድ ዓመት ያልዋሸሁትን ለሷ ብዋሽ ምን አለበት ብለዋል። እኔ ቤቱን በዚያ ውኃ ላይ ላቆመው እንደሆነ ሲሰሙ ደንግጠው፣ ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ ያሉትም ራሳቸው ናቸው።

ለሳቸው ደስታ የተደረገ የመሰለን ነገር ሁሉ ለኔ የተደረገ ነበር። አሥር ዓመቴ ላይ ትክክለኛውን መልስ አግኝቼ፣ በገዛ እጄ ሰርዤው፣ አርባ ዓመት በተሳሳተው ኖርኩ። መናደድ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ የወረደው ግን እንባ ነው። ሲስተር ቤሪልም ሻያቸውን ይዘው አብረውኝ ቆዩ።

ማምሻውን አባቴን ወደ ቤቱ አደረስኩት። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አሁንም ብዙ አይናገርም። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ በሩን ሳይከፍት፣ ፊት ለፊቱን እያየ ጀመረ።

«ያ የድርቁ ክረምት ትዝ ይልሻል? እናትሽ ለአባቴ ብላ መለኪያው ውስጥ ውኃ ትጨምር ነበር።»

ዞር ብዬ አየሁት።

«ዱካውን አይቼ ነው» አለ። «አቧራው ላይ፣ እስከ መለኪያው ድረስ፣ የሴት ጫማ። እኛ ቤት ስንት ሴት አለች? አንቺ ሕፃን ነበርሽ።»

በየሳምንቱ ቤታችን የምትመጣውን ሴት አልቆጠራትም። ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ያለ ያህል ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ።

«ለምን አልጠየቅሃትም?»

«ምን ብዬ? እንዲህ ያለው ነገር ሲጠየቅ ይበላሻል።» ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ አፌን ይዤ ስዞር እሷ ለአባቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ነው እንደ ሰው ላናግራት የሞከርኩት። ነገሩን አንድም ቀን አንሥቼላት አላውቅም። ላንቺስ ነግራሽ ታውቃለች?»

እውነቱን ገና ከጥቂት ሰዓት በፊት በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ማስረጃ አለኝ፣ ምስክር አለኝ፣ ቀኑ የተጻፈበት ደብተር አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ የተሟላ ነገር ይዤ አላውቅም። አባቴ ደግሞ ጠዋት የቀበራት ሚስቱን እያሰበ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መልሴን ይጠብቃል።

«ነግራኛለች፣ አባዬ» አልኩት።

«ምን አለችሽ?»

«ላንተ ብላ እንዳደረገችው።»

ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀና የመኪናውን በር ከፈተ።

«ገምቼ ነበር» አለ።